ባለፈው እንዳየነው

ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ታናሽ እህቴ ከቁይ ደወለችልኝ። በዚያ ሰሞን እዚያ ኢንተርኔት የለም፤ ስልክ ግን በሠራ ቀን ይሠራል። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ፣

«ጋሼ፣ የላክህልኝ ሚሞሪ ላይ ያለው ሰውዬ ‹ባለፈው እንዳየነው› ይላል። ባለፈው ያለው የቱ ነው?» አለችኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሊሚት የሚያስተምረው። 47ኛው ቪዲዮ።»

«46ኛውን እዪዋ።»

«46ኛው ባዮሎጂ ነው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። 11ኛ ክፍል ነበረች፤ በዚያ ዓመት ከተማረችበት ቀን ቤት የዋለችበት ይበዛል። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከዚህም ከዚያም የቴሌግራም ቻናል 312 የትምህርት ቪዲዮ ሰብስቤ፣ ጥፍር በምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኜ፣ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ልኬላት ነበር። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሰንብቻለሁ። ለካ የላክሁት ቪዲዮ እንጂ ትምህርት አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ጥያቄ ነው። «ባለፈው ያለው የቱ ነው?» መልሱን ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል። መንገድ ላይም ሦስት መማሪያ ቤቶችን መልሼ ማየት ነበረብኝ፦ እኔ የተማርሁበትን የፕላዝማ ክፍል፣ አያቴ የተማሩበትን ቅኔ ቤት፣ ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን ይዘነው የምንዞረውን ስልክ።

* * *

ቁይን ለማታውቁ፦ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ደጋ ናት። ጤፍ ይዘራባታል፤ ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ ከቤት መውጣት ጀግንነት ነው። እኔ እዚያ አካባቢ ነው ያደግሁት። 9ኛ ክፍል የገባሁት በ2000 ዓ.ም ሲሆን፣ ዘመኑ ፕላዝማ የነገሠበት ነበር።

ከእናንተ መሐል ፕላዝማ ሲባል የሳሎን ቴሌቪዥን ብቻ የሚመጣለት ይኖራል። ስለዚህ ላስረዳ። በ1997 ዓ.ም መንግሥት ለአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሳተላይት ይላክና በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን ተቆልፎ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ይታያል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ስክሪኑ ይወስደዋል። ለመምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል።

ዛሬ በፕላዝማ ላይ መቀለድ ቀላል ነው። ሐሳቡ ግን የሞኝ አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየወረዳው ሲከፈቱ በየትምህርቱ የሠለጠነ መምህር እኩል ሊደርስ አልቻለም። እንግዲያው ለአዲስ አበባ ልጅ የሚሰጠው ትምህርት በዚያው ደቂቃ ለቁይም ልጅ ይድረስ ተባለ። በእኩልነት ደረጃ ካየነው ከዚህ በላይ ምን አለ? እኔ ራሴ ሴል በማይክሮስኮፕ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት በፕላዝማ ነው። ላብራቶሪ አልነበረንም፤ ኬሚካል ከኬሚካል ሲቀላቀል ቀለሙ ሲቀየር ያየሁትም እዚያው ላይ ነው። ይህን ውለታ አልክድም።

ሐሳቡም ድንገት የመጣ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ፕሮግራም መሰራጨት ጀምሮ ነበር። ሬድዮም ነበር። እኔ አንደኛ ደረጃ ሳለሁ እንግሊዝኛ የሰማሁት መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ሬድዮ ነው። ከዚያ ዘመን እስከ ፕላዝማ፣ ከፕላዝማ እስከ ቴሌግራም፣ የሁሉም መነሻ አንድ ነው፦ ጎበዝ መምህር ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የአንዱን ድምፅ ለብዙ ጆሮ እናድርስ።

ድምፁ ደረሰ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር።

አንድ ቀን የሒሳብ ትምህርት ላይ ነን። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ወጣ። አስተማሪዋ «ሞክሩት» አለችና ሰከንድ መቁጠር ተጀመረ። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። ወደ ሰባ የምንሆን ልጆች አጎንብሰን እንጽፋለን። ጊዜው አለቀ። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ ዓይን ዓይናችንን እያየች «ቬሪ ጉድ!» አለች።

ማንም ምንም አልመለሰም ነበር።

ያቺ «ቬሪ ጉድ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። የክፋት አልነበረችም፤ ሴትዮዋ ከወራት በፊት፣ ከሺህዎች ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተናገረቻት። እኛን አላየችንም። መምህራችን ግን አይተውናል። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ስክሪኑ ሥር ቆመዋል። ማስቆም ቢፈልጉም አይችሉም፤ ስርጭቱ የአገር ነው። አገር ሙሉ በአንድ ደቂቃ አንድ ገጽ ላይ ነበር፤ ቢያንስ በወረቀት። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት ሄደ። በማግሥቱ መብራት ሲመለስ ስክሪኑ ቀጣዩን ትምህርት ይዞ ይመጣና ዘና ብሎ «ባለፈው እንዳየነው» ይላል። እኛ ባለፈው ያየነው ጥቁር ስክሪን ነው።

ፕላዝማ ቅደም ተከተል ነበረው። ማን ከማን በፊት እንደሚመጣ ያወቁ ሰዎች ተጨንቀው የደረደሩት ትምህርት ነው። ያልነበረው ትዕግሥት ነው። አይጠብቅም።

* * *

አሁን ወደ አያቴ ልመልሳችሁ።

አያቴ ልጅ ሳሉ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ብቸና አቅራቢያ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረዋል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ወሬ አይደለም። በቅኔው ዓለም ስማቸው ከሚጠራ ሦስት ትልልቅ ቤቶች፣ ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ቅኔ ቤት ያለፉ ናቸው።

ስለ ቅኔ ቤት ብዙ የሚወራው ስለ ውሻው፣ ስለ ቁራሹና ስለ ቁንጫው ነው። እኔን የሳበኝ ግን የትምህርቱ አደራደር ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ ንባብ ይገባል፤ አንዱኑ ጽሑፍ መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠረ፣ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ልብ በሉ፣ ጽሑፉ አይቀየርም፤ የሚቀየረው የልጁ አቅም ነው። ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ወዲያው ረጅሙን ቅኔ ቁጠር አይባልም። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። እሷን ሲያውቅ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ ከዚያ ሚበዝኁ፣ ከዚያ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን ተማሪ መወድስ ቁጠር የሚል የኔታ የለም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? እንደ ልጁ ነው። አንዱ በዓመት የሚያልፈውን ሌላው በሦስት ዓመት ያልፈዋል። «9ኛ ክፍል አልቋል፣ ወደ 10ኛ» የሚል ደወል የለም።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ተማሪው ግሡንና አገባቡን ከየኔታ ይሰማል። ቀን ላይ ጫካ ገብቶ ወይ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ለብቻው ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ተመልሶ የቆጠረውን ለየኔታ ይናገራል። ይህ ነገራ ይባላል። የኔታ ይሰማሉ፤ ያርማሉ፤ ይመልሱታል። ተማሪው ሲበዛ ደግሞ ላቅ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ የታናናሾቹን ይሰማል። መስማት፣ ለብቻ መሥራት፣ መልሶ መናገር። ሦስት እግር ያለው በርጩማ በሉት፤ አንዱ ከተሰበረ የተቀመጠው ይወድቃል።

እህቴ በደወለች በማግሥቱ ያንኑ የሊሚት ቪዲዮ ጮክ አድርጋ ለአያቴ አሰምታቸው ኖሯል። ስልኩን ተቀበሏት።

«ሰማሁት» አሉኝ። «ሰውየው አንደበቱ ጥሩ ነው።»

«አዎ አባባ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነው።»

«ልጅቱ መልሳ የምትነግረው ለማን ነው?»

ዝም አልሁ።

«ለማንም» አልሁ በመጨረሻ።

«እንግዲያ ሰማችው እንጂ መች ተማረችው?»

እኔ አያቴ ከአንድ ክፍለ ዘመን ወደኋላ ሆነው የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን ወደኋላ የቀረሁት እኔ ነበርሁ።

ብቻ፣ ቅኔ ቤትን ገነት አድርጌ እንዳልስልላችሁ። የልጅነት ዕድሜ ይበላል፤ ረሃቡና ብርዱ የገደለው ተሜ ቁጥር የለውም። በሩም ለሴት ልጅ የተከፈተ አልነበረም ማለት ይቻላል። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በቅኔያቸው ብቻ አይደለም፤ እንደሳቸው ያለች ሌላ ሴት በመጥፋቷም ጭምር ነው። እሳቸውም ቢሆኑ የተማሩት ከአባታቸው ነው። እህቴ በአያቴ ዘመን ብትወለድ ዲማ ጊዮርጊስ ደጅ ትቆም ነበር እንጂ አትገባም። ስለዚህ ልመልሰው የፈለግሁት አደራደሩንና ነገራውን እንጂ ዘመኑን አይደለም።

* * *

አንድ የሚገርመኝ ግጥምጥሞሽ ልንገራችሁ።

እኛ አገር የፕላዝማው ሥራ በተጀመረበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2004፣ አሜሪካ ቦስተን የሚኖር ሳልማን ካን የሚባል የፋይናንስ ባለሙያ ሌላ ከተማ ያለች የዘመድ ልጅ ሒሳብ አስቸግሯት በስልክና በኮምፒውተር ያስጠናት ጀመር። ልጅቱ ተሻላት። ሌሎች ዘመዶቹ «እኛንም» አሉት። ሁሉንም በየተራ ማስጠናት ሲያቅተው በ2006 ትምህርቱን እየቀረጸ ዩቲዩብ ላይ ይጭን ጀመር። ዛሬ ካን አካዳሚ የምንለው ከዚያ የተወለደ ነው።

በኋላ በ2011 ቴድ መድረክ ላይ ቆሞ እንደተናገረው፣ ዘመዶቹ በአካል ከሚያስተምራቸው ይልቅ ቪዲዮው እንደሚሻላቸው ነገሩት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቪዲዮውን ማቆም ይቻላል። መድገም ይቻላል። «አሁንም አልገባኝም» ብሎ ፊት ማፈር የለም።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በአንድ ዓመት፣ እዚህ የማይቆም ትምህርት ለአንድ አገር ተለቀቀ፤ እዚያ በአንዲት ልጅ ልክ የሚሄድ ትምህርት ለአንዲት ልጅ ተጀመረ። እኛ ከላይ ወደ ታች ጀመርን። እሱ ከአንዲት ልጅ ጥያቄ ጀመረ። ካን ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ቪዲዮው ሲበዛ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚመጣ የሚያሳይ የእውቀት ካርታ ሠራ፤ መልመጃም ጨመረ። ቪዲዮ ብቻውን እንደማይበቃ ቀድሞ ገብቶታል።

ለእኔ የገባኝ እህቴ 46ኛው ባዮሎጂ ነው ስትለኝ ነው።

* * *

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ትምህርት በቴሌቪዥን፣ በሬድዮና በቴሌግራም ሆነ። መምህራን ስልካቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሰሌዳ ፊት ቆመው ቀረጹ። በየቻናሉ ቪዲዮ ጎረፈ። ሌሊት ተቀምጠው የቀረጹ፣ ለማንም ሳያስከፍሉ የለቀቁ አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ቻናል እንደ ወንዝ ነው። ትናንት ያለፈውን ለማግኘት ወደ ላይ ስትሄዱ፣ የልደት መልካም ምኞት፣ የጫማ ማስታወቂያና የ2011 የኬሚስትሪ ፈተና መሐል ትጠፋላችሁ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታም ለወራት እንደተቋረጠ ቆየ። ስለ ግጭቱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የማወራው አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ቤት ስትውል ምን እንደሚሆን ነው። «ኦንላይን ቱቶሪያል» የሚባለው ነገር ኦንላይን መሆኑ ቀረ። ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደርና በሼርኢት፣ ከከተማ ወደ ከተማ በሰው ኪስ መሄድ ጀመረ።

ፈተናው ግን አልቀረም። የ2014 ዓ.ም ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። አገር በሙሉ «ትውልዱ ሰነፈ» ብሎ ጮኸ። እኔም ሳልል አልቀረሁም። እህቴን ሳያት ነው አፌን የያዝሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ 47ኛው ቪዲዮ ላይ ያለው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9» ለ«ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ሊሚቱ ስንት ነው? ዝም ብላችሁ 3ን ብታስገቡ ዜሮ ለዜሮ ይሆንና ትቆማላችሁ። ብልሃቱ ከላይ ያለውን መበተን ነው፤ «ኤክስ ሲቀነስ 3» ሲባዛ «ኤክስ ሲደመር 3»። ከላይና ከታች ያለው ይጣፋል፤ «ኤክስ ሲደመር 3» ይቀራል፤ መልሱ 6 ነው። ሰውየው ይህን በአሥር ሰከንድ አለፈው። «ባለፈው እንዳየነው።»

እህቴ ሊሚት አልከበዳትም። ያ መበተን ነው ያቃታት። ለምን ያቅታታል? ብዬ ወደኋላ ስጠይቃት፣ ሁለት ቅንፎችን ማባዛትም በደንብ አታውቅም። ያን መቼ ነበር የምትማረው? እሷ መጋቢት 2012 ላይ 7ኛ ክፍል ነበረች። ጉድጓዱ የተቆፈረው ያኔ ነው። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ሰው «ባለፈው እንዳየነው» እያለ በጉድጓዱ ላይ ፎቅ ሠራበት።

ስንፍና ይሉታል። እኔ የጎደለ ቁጥር እለዋለሁ።

* * *

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርን። አንዱ ሒሳብ ያስተምራል፤ አንዷ ቪዲዮ ታቀናብራለች። እኔ ጥያቄ አበዛለሁ። ሒሳብ ብቻ እንሥራ ተባባልን። ከእናንተ መሐል ለታናናሾቹ ተመሳሳይ ነገር የሚሞክር ካለ፣ ተሳስተን የተማርነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ከነበረው ሁሉ የሒሳቡን ለይተን አየን። አብዛኛውን ጣልነው። መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ አንዱን ርዕስ አምስት ሰው ስላስተማረው፣ አንዳንዱ ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት በነበረው መጽሐፍ ስለሚሄድ ነው። የቀሩትን ባለቤቶቻቸውን አስፈቅደን ያዝን።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቆረጥን። ከላይ «ይህን ለማየት ምን ማወቅ አለብኝ?»፣ ከታች «ካየሁ በኋላ ምን መሥራት እችላለሁ?» ብለን ጻፍን። ወረቀቶቹን ወለል ላይ ዘርግተን የአንዱን ላይ ከሌላው ታች ጋር ማገጣጠም ጀመርን። መጽሐፉን ተከትለን ምዕራፍ 1፣ ምዕራፍ 2 ብለን ደርድረን ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። ግን የ12ኛ ክፍሉ ምዕራፍ የሚያርፈው የ11ኛው ላይ ብቻ አይደለም፤ የ7ኛውም ላይ ያርፋል። ቅዳሜ ጠዋት ጀምረን እሑድ ማታ ላይ ወለሉ ተሞልቶ አሥራ አንድ ቦታ ባዶ ነበር። ማንም ያልቀረጸው፣ ሁሉም «ባለፈው» ብሎ ያለፈው ትምህርት። ቅንፍ ማባዛት ከነዚያ አንዱ ነው።

አሥራ አንዱን ራሳችን ቀረጽን። ስቱዲዮ የለንም። ሁለት በርጩማ አቀራርበን፣ ጣውላ ጋድመን፣ ስልኩን በጣውላው ቀዳዳ ወደ ታች አስተኝተን፣ ሥሩ ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር ጻፍን። የሚታየው እጅና ወረቀት ብቻ ነው። ፊት አያስፈልግም። ድምፅ ግን ጥርት ማለት አለበት፤ ምስሉ ደብዘዝ ቢል ተማሪ ይታገሣል፣ ድምፁ ከተሰነጠቀ ግን ይዘጋዋል። ርዝመቱን ከሰባት ደቂቃ አላሳለፍንም። የፋይሉን መጠንም አሳነስነው፤ የብዙ ልጆች ስልክ ቀድሞውኑ ሞልቷል።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ሊያሳብደን ነበር። ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብለን ቁጥር ሰጥተን ልከን ነበር። እህቴ ስትከፍተው ከ1 ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 11 መጣ፤ 2 ከ19 በኋላ ነው። ስልኩ የሚደረድረው እንደ ፊደል ነዋ! ከዚያ ወዲህ 001፣ 002፣ 003 እያልን እንጽፋለን። የስም አወጣጥ ተራ ነገር ይመስላል። ኢንተርኔት በሌለበት አገር ግን የፋይሉ ስም ነው መምህሩ፤ «ከዚህ ቀጥሎ ይህን» የሚላት እሱ ብቻ ነው።

«ባለፈው እንዳየነው» የሚለውን ከየቪዲዮው ቆርጠን አወጣነው። በምትኩ «ቁጥር 012 ላይ እንዳየነው» የሚል ድምፅ አስገባን። ይህችን ለማድረግ ከሁሉም በላይ ብዙ ሌሊት ወስዶብናል። ከሁሉም በላይ የምኮራባትም እሷ ናት።

ይህ ሁሉ ሆኖ የአያቴ ጥያቄ አልተመለሰም። መልሳ የምትነግረው ለማን ነው?

ስለዚህ እያንዳንዱ አምስተኛ ፋይል ትምህርት እንዳይኖረው ወሰንን። 005ን፣ 010ን፣ 015ን ስትከፍቱ የግማሽ ደቂቃ ድምፅ ብቻ ነው የምትሰሙት፦ አንድ ጥያቄ ይነበብና «አሁን ስልክህን ዝጋ፤ ሥራው፤ ከዚያ ለአንድ ሰው ንገረው» ይላል። ስሙንም «ነገራ» አልነው። ለማን? ከአንተ አንድ ደረጃ ለቀደመው። መልሱ ያለበት ወረቀት የሚሰጠው ለሚሰማው ልጅ እንጂ ለሚናገረው አይደለም።

መጀመሪያ አልሠራም። ልጆቹ ነገራውን ዘለው ወደ 006 ይሄዱ ነበር፤ እኔም ብሆን እዘል ነበር። እህቴ ናት መላ ያገኘችው። ሚሞሪ ካርዱን ሙሉውን መስጠት ትታ ለጎረቤት ልጆች አምስት አምስት ፋይል ብቻ መላክ ጀመረች። ቀጣዩን የፈለገ መጥቶ ይናገራል። ወዲያው ቤታችን ደጅ ማታ ማታ ልጆች መቀመጥ ጀመሩ። እናቴ «ደግሞ የምን ጉባኤ ነው ቤቴ የተተከለው?» አለች አሉ። አያቴም ፀሐይ የሚሞቁባትን ድንጋይ ለቀው ወደ ውስጥ ገቡላቸው። እህቴን «አስነጋሪዋ» ይሏታል። በአያቴ ዘመን ሴት ልጅ በዚህ ስም ስትጠራ የሚሰማ ጥቂት ነበር።

* * *

ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ፈተናው አልደረሰም። ታልፋለች ብዬ አልምልላችሁም፤ ሦስት በመቶና አምስት በመቶ እያየሁ እንዴት እምላለሁ? ሁለት ዓመት የተቆራረጠ ትምህርት በሚሞሪ ካርድ አይጠገንም። መምህር የሚተካ ቪዲዮም የለም። ፕላዝማ ያን ሊያደርግ ሞክሮ መምህሩን ስክሪኑ ሥር ዝም አሰኝቶ አቆመው። ስልክ ደግሞ መምህሩን ጭራሽ ከክፍሉ አወጣው። ትምህርት የሚመስለኝ አሁን ከሁለቱ መሐል ያለው ነገር ነው፦ ማን ከማን በፊት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው የደረደረው፣ ሲቸግር የሚቆም፣ በመጨረሻም መልሶ የሚሰማ ጆሮ ያለበት።

ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔቱ ሲሠራ ከእህቴ አጭር መልእክት መጣ። ሰላምታ የለውም፤ እንደ ልማዷ ነው።

«ጋሼ፣ 031ና 032 መሐል አንድ ይጎድላል። ሦስት ልጆች ነገራ ላይ እዚያው ቦታ ቆሙብኝ። ሰውየው ‹እንደምታውቁት› ይላል። አያውቁትም።»

ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። 031 ላይ ክፍልፋይ ቁጥር ኃይል ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ሳናስረዳ 032 ላይ ተጠቅመንበታል። ሦስታችንም ደጋግመን አይተነው አልታየንም። እኛ ስለምናውቀው።

ጣውላውን ከአልጋ ሥር አውጥቻለሁ። ቅዳሜ እንቀርጸዋለን። ቁጥሩ አስቸግሮን ነበር፤ ከ032 ጀምሮ ሁሉንም ስም እንደገና መቀየር ሊኖርብን ነው። እንቀይረዋለን።